አውራ ጣት የሚመርጠው ቅርስ

የድሮ ጌሞችን የሚያጫውቱ፣ ኪስ ውስጥ የሚገቡ መሣሪያዎች ገበያውን ካጥለቀለቁት ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ገዢው ባብዛኛው የሚፈልገው የኔንቲዶንና የሴጋን ጌም ነው። በሜኑው ታችኛው ክፍል ግን ብዙ ሰው አይቶ የሚያልፋቸው ስሞች አሉ፤ ፒሲ-88፣ ፒሲ-98፣ ኤክስ68000፣ ኤምኤስኤክስ። እነዚህ ኮንሶሎች አልነበሩም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጃፓን ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የነበሩ፣ ኪቦርድ ያላቸው ሙሉ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ኤንኢሲ፣ ሻርፕና ፉጂትሱ ለአገራቸው ሰው ሠሯቸው፤ ከኤምኤስኤክስ በቀር ከጃፓን ውጭ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ኤምኤስኤክስ ግን ብራዚልንና ሆላንድን አልፎ፣ ሳክር በሚል ስም ዓረብኛ ተጽፎበት እስከ ኩዌት ዘልቋል።

አሁን የእነዚህን ኮምፒውተሮች ጌሞች ኢሙሌተር፣ ማለትም የአንዱን ማሽን ጠባይ በሌላው ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም፣ በእጅ መሣሪያ ላይ አምጥቷቸዋል። ይህን ብዙዎች የተረሳ ቅርስን እንደማዳን ያዩታል። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን መሣሪያው የሚያድነው ሁሉንም አይደለም። ወንፊት ነው። በሁለት አውራ ጣትና በጥቂት ቁልፎች የሚጫወተውን ያሳልፋል፤ በኪቦርድ የሚጻፈውን፣ በዝግታ የሚነበበውን ያስቀራል። ችግሩ የጃፓንን የቤት ኮምፒውተር ከኮንሶል የሚለየው ዋናው ነገር ያለው ወንፊቱ ባስቀረው ክፍል መሆኑ ነው።

ካንጂ ያስከፈለው ዋጋ

ጃፓን በኮምፒውተር የራሷን መንገድ የያዘችው በጽሕፈቷ ምክንያት ነው። በላቲን ፊደል ለሚጽፍ አገር መቶ ያህል ምልክቶችን በትንሽ የነጥብ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ በቂ ነበር። ጃፓንኛ ግን ከሁለቱ የድምፅ ፊደላቱ ሌላ ከቻይና የወረሳቸው ካንጂ የሚባሉ ምልክቶች አሉት። በ1978 የወጣው የአገሪቱ ደረጃ እጅግ አስፈላጊዎቹን ብቻ በመጀመሪያው እርከን ሲመድብ 2,965 ሆኑ። አንድ ካንጂ ሳይደበዝዝ እንዲነበብ 16 በ16 ነጥብ፣ ማለትም 32 ባይት ይፈልጋል። ሲባዛ 95 ሺህ ባይት ገደማ ይመጣል። የዘመኑ ተወዳጅ ፕሮሰሰር ዜድ80 በአንድ ጊዜ ሊደርስበት የሚችለው ሜሞሪ ደግሞ በጠቅላላው 64 ኪሎባይት ነበር። እንግዳው ከቤቱ ሰፋ። ስለዚህ ካንጂዎቹ በተለየ ቺፕ ላይ ተቀርጸው ከማሽኑ ጋር ተገጠሙ። ከ230 በላይ ሆሄያት ያሉት የግዕዝ ፊደል እስከ 1999፣ ዩኒኮድ 3.0 እስኪወጣ ድረስ፣ በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ሥርዓት ቦታ አጥቶ መቆየቱን ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ እንግዳ ታሪክ አይሆንበትም።

ፊደሉን የሚያስቀምጥ ቺፕ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያሳይ ስክሪንም ያስፈልጋል። ከላይ እስከ ታች 200 መስመር ያለው ስክሪን 16 ነጥብ የሚረዝም ካንጂ 12 ረድፍ ብቻ ይይዛል። የኤንኢሲ ፒሲ-98 ቤተሰብ መለያ የሆነው 640 በ400 ስክሪን ግን 40 ካንጂ በአንድ ረድፍ፣ 25 ረድፍ ከላይ እስከ ታች ይችላል፤ ይህ የአንድ መጽሐፍ ገጽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮምፒውተሩ የቢሮ ጽሑፍ እንዲያሳይ የተሠራው ይህ አቅም ነው ሳይታሰብ ለጌም ሠሪው የተረፈው። ፊቱ ላይ ቀለሙ ጥቂት፣ እንቅስቃሴው ዘገምተኛ፣ ጽሑፉና ሥዕሉ ግን ጥርት ያለ መሣሪያ ተቀመጠለት።

ዋጋውም ተጫዋቹን መረጠ። የመጀመሪያው ፒሲ-9801 በ1982 ሲወጣ 298,000 የን ነበር፤ በዓመቱ የወጣው የኔንቲዶ ፋሚኮም 14,800 የን። ሃያ እጥፍ ልዩነት ነው። ፋሚኮሙን አባት ለልጁ ገዛ፤ ኮምፒውተሩን አባት ለራሱ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ለእሱ ገዛለት። ኮኤይ በ1983 በኖቡናጋ ኖ ያቦ የጃፓንን መሳፍንት ዘመን ወደ ሩዝ፣ ወርቅና የወታደር ቁጥር ሒሳብ የቀየረው፣ ኤኒክስ በዚያው ዓመት የዩጂ ሆሪን የወንጀል ምርመራ ታሪክ ፖርቶፒያን ያወጣው ለዚህ ዓይነቱ ጎልማሳ ነው። በፒሲ-98 ላይ ለአዋቂዎች ብቻ የተሠሩ ጌሞች የበዙትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ የዛሬውን የባለመብቶች ዝምታ እንዳይገባን ያደርጋል። እስከ 1999 ድረስ ከ18 ሚሊዮን በላይ የፒሲ-98 ማሽኖች ተሸጠዋል። የሚገርመው የማሽኑን ጉልበት የገነባው ካንጂ መውደቂያውም መሆኑ ነው። አይቢኤም ጃፓን በ1990 ያወጣው ዶስ/ቪ ካንጂን ያለ ልዩ ቺፕ፣ በሶፍትዌር ብቻ፣ በተራ ፒሲ ላይ ሲያሳይ የኤንኢሲ አጥር ፈረሰ። በ1997 ኤንኢሲ ራሱ ወደ ተራው ፒሲ ዞረ።

የጎደለው ጉልበት አይደለም

በገዢዎች ዘንድ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ መሣሪያ ፒሲ-98ን ይችላል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የተሳሳተ በር ያንኳኳል። ከርካሾቹ አንዱ የሆነው ሚዩ ሚኒ 1.2 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር አለው፤ የፒሲ-8801 ፕሮሰሰር 4 ሜጋኸርትዝ ነበር። ማስመሰል ጉልበት ይበላል፤ በማሽኖቹ ውስጥ የነበሩትን የያማሃ የድምፅ ቺፖች በትክክል ማስመሰል በተለይ ይከብዳል። ቢሆንም ሦስት መቶ እጥፍ ፍጥነት ይህን ሁሉ ሸፍኖ ይተርፋል። ኤክስ68000 እንኳ፣ በ1987 ሲወጣ ከመጫወቻ አዳራሾቹ ማሽኖች ጋር እኩል የተወራለትና ግራዲየስ ተያይዞለት የተሸጠው የሻርፕ ኩራት፣ ልቡ 10 ሜጋኸርትዝ ነበር።

የሚጎድለው ስፋት ነው። የሚዩ ሚኒ ስክሪን 2.8 ኢንች፣ 640 በ480 ነጥብ ነው። የፒሲ-98 ሥዕል 640 ነጥብ ስለሚሰፋ አንዱ ነጥብ በአንዱ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ከላይና ከታች አርባ አርባ መስመር ጥቁር ይተርፋል። በሒሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ሆኖም የስክሪኑ ወርድ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ40 ካንጂ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1.4 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። በዚያ ዘመን 14 ኢንች ሞኒተር ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። ሰያፍና አግድም ሰረዞቹ አሥር አሥራ አምስት የሚደርሱ ምልክት በሰሊጥ ፍሬ ወርድ ማንበብ የዓይን ጥንካሬ ጉዳይ ይሆናል። ስክሪናቸው 480 በ320 በሆኑ መሣሪያዎች ላይ ነገሩ ከዚህም ይብሳል፤ 640 ወደ 480 ሲጨመቅ ከአራት ነጥብ አንዱ መውደቅ ወይም ከጎረቤቱ ጋር መደባለቅ አለበት። 16 ነጥብ የነበረው ካንጂ በ12 ነጥብ ሲቀር ሰረዞቹ ይዋሃዳሉ፤ ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ መልክ ይይዛሉ።

ሥዕሉም ከዚህ አያመልጥም። የፒሲ-98 ሠዓሊ በአንድ ጊዜ 16 ቀለም ብቻ ነበረው። ስለዚህ አንዱን ነጥብ ሮዝ፣ ቀጥሎ ያለውን ቡናማ እያደረገ፣ እንደ ዳማ ገበታ እያፈራረቀ፣ የሌለውን የቆዳ ቀለም ዓይን ራሱ እንዲቀላቅለው አደረገ። ይህ ጥልፍ በትክክለኛው መጠን ሲታይ ረቂቅ ነው፤ ባልተመጣጠነ ልክ ሲጨመቅ ወይም ሲለጠጥ ግን ፊት ላይ የተሰመረ ሽንትር ሆኖ ይወጣል። በተቃራኒው በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ 1280 በ800 ስክሪን አለው፤ የ640 በ400 ልክ እጥፍ። እያንዳንዱ ነጥብ አራት ሆኖ ያለ አንዳች ጉድለት ይቀመጣል፤ በ7 ኢንቹ ስክሪን ላይ ካንጂው ወደ 3.8 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ለፒሲ-98 ታስቦ አልተሠራም። ግን ከእጅ መሣሪያዎች ሁሉ ለእሱ የሚስማማውን ስክሪን በአጋጣሚ ያገኘው ዋጋው ውዱ፣ ክብደቱም ከባዱ መሆኑ፣ «ርካሽ መሣሪያ ሁሉን ያድናል» የሚለውን ተስፋ ያቀዘቅዛል።

ከኪቦርዱ ጋር የቀረው

ፋልኮም በ1987 ለፒሲ-8801 ያወጣው ኢስ በእጅ መሣሪያ ላይ ዛሬ የተሠራ ይመስላል። ጀግናው የሚዋጋው ጠላቱን በአካሉ በመግጨት ነው፤ ለሰይፍ የተመደበ ቁልፍ የለም። ፊት ለፊት ከገጠመ ይጎዳል፤ ከመሀል ትንሽ ፈንጠር ብሎ ከገጨ ያሸንፋል። በፒሲ-8801 ላይ ለቁጥር ቁልፎች የተሠራ ይህ ዘዴ በአቅጣጫ መቆጣጠሪያ ላይ ምንም አይጎድለውም። የዩዞ ኮሺሮ ሙዚቃም አብሮ ይመጣል። የጌም አርትስ ቴግዘር፣ የኤምኤስኤክስ ካርትሪጆች፣ የኤክስ68000 ተኳሽ ጌሞች እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ ወንፊቱ ሰፊ ነው።

ፖርቶፒያን ግን እንመልከት። በ1983ቱ የኮምፒውተር ቅጂ ተጫዋቹ ትዕዛዙን በራሱ ቃል ይጽፋል፤ ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ራሱ እንቆቅልሹ ነው። ሆሪ በቀጣዩ ዓመት በኦሆትስክ ኒ ኪዩ ትዕዛዞቹን በዝርዝር አቀረባቸው፤ ፖርቶፒያም በ1985 ወደ ፋሚኮም ሲሻገር ያንኑ መልክ ያዘ። «ዋናዎቹ ጌሞች ወደ ኮንሶል ስለተሻገሩ የጠፋ ነገር የለም» የሚለው መከራከሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ተሻግረዋል፤ ሲሻገሩ ግን ጥያቄው ከ«ምን ልጠይቅ?» ወደ «ከእነዚህ የትኛውን ልምረጥ?» ተለወጠ። የመርማሪ ሥራ ወደ ምርጫ ፈተና ወረደ ማለት ነው። ምርጫው ለብዙ ተጫዋች ይበልጥ የተመቸ መሆኑ አይካድም፤ የተለየ ጌም መሆኑ ግን አይቀርም። ስኩዌር ኤኒክስ በ2023 ፖርቶፒያን እንደገና በሚጻፍ ትዕዛዝ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታግዞ በነጻ ሲያወጣው ተጫዋቾች ያፌዙበት የተጻፈለትን ስለማይረዳ ነበር። የድሮው ጌም የሚያውቀው ቃል ጥቂት ቢሆንም ሠሪው እያንዳንዱን ቃል አስቦበት ነበር።

የኮኤይ ጌሞች ላይ ደግሞ የሚገባው ቁጥር ነው። ስንት ሩዝ ልሽጥ? ስንት ሰው ላሰልፍ? እያንዳንዱ መልስ በኪቦርዱ የቁጥር ቁልፎች በአንድ ትንፋሽ ይገባል። በእጅ መሣሪያ ግን ሥዕላዊ ኪቦርድ ይጠራል፤ የስክሪኑን ግማሽ ይሸፍናል፤ ጠቋሚው እየተንፏቀቀ አንድ፣ ሁለት፣ ዜሮ እያለ ይለቅማል። አንድ ዙር የሁለት ደቂቃ ሥራ የነበረው ስድስት ደቂቃ ሲፈጅ የጌሙ ምት ይሰበራል፤ ምት የስትራቴጂ ጌም ነፍስ ነው። ከዚህም በፊት ገና በመግቢያው የሚጥል ጉድጓድ አለ። እንደ ዛናዱ ያሉ ብዙ የዚያን ዘመን ጌሞች ተጫዋቹ ባዶ ፍሎፒ ዲስክ አስገብቶ የራሱን የተጠቃሚ ዲስክ እንዲያዘጋጅ ይጠይቃሉ። በመሣሪያው ውስጥ ፍሎፒ የለም፤ ባዶ የዲስክ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ፈጥሮ፣ በኢሙሌተሩ ሜኑ ሁለተኛው ድራይቭ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው መልእክቱን በጃፓንኛ ያያል፣ «ጌሙ አይሠራም» ብሎ ይደመድማል፣ ይዘጋዋል። «የማይሠሩ» ተብለው ከሚታለፉት አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

የቋንቋው እንቅፋት በስልክ ካሜራ ወይም በኢሙሌተሩ ውስጥ በተገጠመ አውቶማቲክ ትርጉም ይፈታል የሚሉ አሉ። ሬትሮአርክ የተባለው ሰፊ ፕሮግራም ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ያለ አገልግሎት አለው። ለአጭር ሜኑ ይረዳል። ረጅም ታሪክ ላይ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ በእያንዳንዱ ገጽ ያቆማል፣ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን መሳፍንት ስምና ማዕረግ ያምታታል። የሚሻለው አማተር ተርጓሚዎች ከዲስኩ ውስጥ ጽሑፉን አውጥተው በእንግሊዝኛ የሚተኩበት መንገድ ነው፤ እሱም ዓመታት ይፈጃል። ካንጂ በሁለት ባይት የሚለውን እንግሊዝኛ በስድስት ሰባት ፊደል ስለሚል ትርጉሙ ከተመደበለት ቦታ ይፈስሳል፤ ተርጓሚው ፕሮግራሙን ራሱን መቆራረጥ ግድ ይለዋል።

ዲስኩ የማን ነው?

ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ወንጀል አይደለም። የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2000 በሶኒና በኮኔክቲክስ ክርክር ላይ ለኢሙሌተሩ ሠሪ ፈርዷል። ክርክሩ ያለው ሁለት ነገር ላይ ነው፤ ባዮስ በሚባለው የማሽኑ የማስነሻ ፕሮግራምና በጌሙ ፋይል። በባዮስ ላይ ኩባንያዎቹ የሄዱበት መንገድ ተለያይቷል። ሻርፕ በ2000 የኤክስ68000ን የማስነሻ ፕሮግራምና ሂውማን68ኬ የተባለውን ሥርዓት በነጻ እንዲሰራጩ ፈቀደ። ለኤምኤስኤክስ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ሲ-ባዮስ የተባለ ነጻ ምትክ ጽፈዋል። ለፒሲ-98 ከኤንኢሲ በኩል እንዲህ ያለ ይፋ ፈቃድ የለም። ትንሽ የሚመስለው ይህ ልዩነት የኤክስ68000 ወዳጆች በግልጽ የሚነጋገሩበትን ነገር የፒሲ-98 ወዳጆች በሹክሹክታ እንዲሉት አድርጓል።

በጌሙ ፋይል ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ምቹ ግን አይደለም። ጃፓን ፕሮግራምን በቅጂ መብት ሕጓ በስም የጠቀሰችው በ1985ቱ ማሻሻያ ነው፤ ያኔ ሶፍትዌር የሚያከራዩ ሱቆች ኮፒ ማድረግን እንደ ሻይ ቤት ወግ ተራ ነገር አድርገውት ነበር። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የጥበቃው ዘመን 70 ዓመት ሆኗል፤ በኩባንያ ስም በ1983 የወጣ ጌም እስከ 2053 መጨረሻ የተጠበቀ ነው። ከ2021 ጀምሮ ሕገወጥ መሆኑን እያወቁ ለግል ጥቅም ማውረድም ተከልክሏል። «ባለቤቱ ካልሸጠው ማን ይጎዳል?» የሚለው መልስ በሥነ ምግባር ረገድ ክብደት አለው፤ በተለይ ኩባንያው ፈርሶ መብቱ የማን እጅ እንደገባ በማይታወቅበት ጊዜ። በሺህ የሚቆጠሩ ጌሞች በሜሞሪ ካርድ ላይ ሞልቶ ከመሣሪያው ጋር ለሚሸጥ ነጋዴ ግን ይህ መልስ አይሆነውም፤ እሱ የተረሳውን ብቻ ሳይሆን ዛሬም በሱቅ ያለውን አብሮ ይቸበችባል።

አሻሚነቱ እስከ መተግበሪያ ሱቆች ድረስ ይዘልቃል። አፕል በሚያዝያ 2024 የድሮ ኮንሶል ኢሙሌተሮችን ሲፈቅድ የኮምፒውተር ኢሙሌተሮች መጀመሪያ ላይ ተመለሱ፤ ምክንያቱ «ፒሲ ኮንሶል አይደለም» የሚል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ደንቡ ተለውጦ ፒሲም ተጨመረ። ማንም በክፋት አልሠራውም። ደንብ አውጪው «የድሮ ጌም» ሲባል በሐሳቡ የሚመጣው ካርትሪጅና መቆጣጠሪያ ነው፤ ኪቦርድ ያለው ጌም በዓለም ትዝታ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሆኖ የሚታሰብ ነው።

ወዴት ያመራል?

የመጀመሪያው አማራጭ ይፋዊ ሽያጭ ነው። ፕሮጀክት ኢግ ከ2001 ጀምሮ በጃፓን የድሮ የኮምፒውተር ጌሞችን በዊንዶውስ ላይ በሕጋዊ ፈቃድ ሲሸጥ ቆይቷል፤ ከ2023 ወዲህ በኢግኮንሶል ስም ወደ ኔንቲዶ ስዊች፣ ማለትም ወደ እጅ መሣሪያ፣ ገብቷል። ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም በቅድሚያ የመጡት እንደ ሬሊክስና ቴግዘር ያሉ ጽሑፍ ብዙ የማይጠይቁ ጌሞች ናቸው። ነጋዴው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ያለ ትርጉም ወጪ ለዓለም የሚሸጠው እንዲህ ያለው ጌም ነው። ውጤቱ ግን ሕጋዊው ወንፊት ከሕገወጡ ጋር አንድ ዓይነት ቀዳዳ እንዲኖረው አድርጓል። በ2024 ኦሆትስክ ኒ ኪዩ ታድሶ መውጣቱ ተቃራኒ ምሳሌ ነው፤ እሱም ቢሆን ከመጀመሪያው በሜኑ የተሠራ ጌም ነበር።

ሁለተኛው መሣሪያው ራሱ መለወጡ ነው። ስክሪኑ ከሰፋ፣ ትንሽ የብሉቱዝ ኪቦርድ ማገናኘት ከተለመደ፣ ጽሑፍ የሚበዛባቸው ጌሞች ይመለሱ ይሆናል። እንቅፋቱ ገበያ ነው። ገዢው የሚከፍለው ኪስ ውስጥ ለሚገባ ነገር ነው፤ ኪቦርድ የሚሸከም ሰው ላፕቶፑን ቢይዝ ይቀለዋል። ይህ መንገድ ለጥቂት አፍቃሪዎች ክፍት ሆኖ ይቆያል እንጂ ብዙኃኑን አያመጣም።

ሦስተኛውና ይበልጥ የሚመስለው ሁለቱም በከፊል የሚሆኑበት ነው። ኤክስ68000ና ኤምኤስኤክስ በእጅ መሣሪያ ላይ በደንብ ይቀመጣሉ፤ ፈቃዱም፣ የጌሞቹ ጠባይም ያግዛቸዋል። ፒሲ-88 በእነ ኢስ ይታወሳል። ፒሲ-98 ግን ለሁለት ይከፈላል፤ እንደ ቶሆ ያሉ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ ሰው የተሠሩ ተኳሽ ጌሞችና ጥቂት የተተረጎሙ ታሪኮች ይኖራሉ፣ ሰፊው የጽሑፍና የስትራቴጂ ክምችት በሰብሳቢዎችና በምሁራን እጅ ይቀራል። ይህ ግምት የሚለወጠው ኤንኢሲ ሻርፕ ያደረገውን ካደረገ፣ ወይም ትርጉሙን የሚከፍል ባለመብት ከተነሣ ነው። ለሁለቱም እስካሁን ምልክት አይታይም።

በዚህ መሀል የእጅ መሣሪያ የማይነካው ሥራ ቶኪዮ ውስጥ ይቀጥላል። በ2011 የተመሠረተው ለትርፍ ያልቆመ የጌም ጥበቃ ማኅበር ዋናዎቹን ፍሎፒ ዲስኮች እየሰበሰበ፣ በላያቸው የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ኮፒ እንዳይደረጉ የተደረገባቸውን ጥበቃ ጭምር እያነበበ ያስቀምጣል። የጃፓን በጋ እርጥብ ነው፤ በዲስኩ ማግኔታዊ ገጽ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፣ ድራይቩ ሲያነበው አብሮ ይፋቃል። የ1983ቱ ዲስኮች መብታቸው በ2053 ሲያልቅ ሰባ ዓመት ይሞላቸዋል።